ትርፍ ናት ስላልኋት ትንሽ ናስ

ሰው በዕድሜው የሚፈጽመውን ጥፋት ሁሉ ሰብስበን ብንመረምረው፥ የሚበዛው ካለማወቅ የመጣ ሆኖ አናገኘውም። የሚበዛው እያወቀ ችላ ከማለት የመጣ ነው። የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ወይም ይፈራና እጁን ይሰበስባል። ዐውቃለሁ የሚል ሰው ግን አይጠይቅም፥ አይፈራምም፤ በዚህም ምክንያት የእርሱ ጥፋት ከማያውቀው ሰው ጥፋት ይልቅ ይከፋል። ይህንን ቃል ለተማሪዎቼ ብዙ ዘመን ስነግራቸው ኖሬአለሁ። አሁን ግን በ67 ዓመቴ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ፥ የሌላውን ሰው ታሪክ ምሳሌ ከማድረግ የራሴን መጻፍ ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። የነገሩ መነሻ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አንዲት ናስ ናት፤ ያስጠፋችኝ ነገር ግን በገንዘብ የሚተመን አይደለም።

በልጅነቴ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በግቢው ውስጥ ውሃ የሚስብ ሞተር ነበረ፤ ሞተሩም በተበላሸ ጊዜ የእጅ ሥራ የሚያስተምሩን ፈረንጅ መምህር ከተማሪዎቹ ሦስት አራታችንን ጠርተው አብረን እንድንፈታው ያደርጉ ነበር። ከመጀመራቸው በፊት ነጭ ጨርቅ በመሬት ላይ ይዘረጋሉ። የተፈታው ብሎን ሁሉ፥ ቀለበቱም ሳይቀር፥ በተፈታበት ተራ በጨርቁ ላይ ይደረደራል። ሞተሩ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ፥ እኛ ለማስነሣት ስንጣደፍ፥ እርሳቸው ጨርቁን አንሥተው ያራግፉታል። አንዲት ነገር ጠብ ካለች፥ ሞተሩ ምንም እንኳ ቢነሣ፥ እንደ ገና ያስፈቱናል። «ጨርቁ ባዶ ካልሆነ ሥራው አላለቀም» ይሉን ነበር። አማርኛቸው የተሰባበረ ስለ ነበረ እንስቅባቸው ነበር፤ ቃሉ ግን በልቤ ቀረ።

እኔም አድጌ የፊዚክስ መምህር ሆንሁ፤ በዚህም ሥራ 36 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጣሁ። በቤተ ሙከራ ውስጥ የዚያን ነጭ ጨርቅ ነገር ያልነገርሁት ተማሪ የለም። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው በመንገድ ሲያገኙኝ፥ «መምህር፥ ጨርቁ ባዶ ነው ወይ?» እያሉ የሚቀልዱብኝ አሉ።

ባለቤቴ በ2013 ዓ. ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየችኝ። ሕመሟ በጠናበት ወራት፥ በአሜሪካ የምትኖረው ልጃችን፥ «አባባ፥ እማማ የምታወራውን ሁሉ በስልክዎ ይቅረጹልኝ፤ ልጆቼ አያታቸውን በድምፅዋ ይወቋት» ብላ ለመነችኝ። እኔም ማታ ማታ፥ ቡናው ከተጠጣ በኋላ፥ ስልኬን በትራሷ አጠገብ አኖር ነበር። እርስዋም ስለ ልጅነቷ፥ እናቷ ስለ ቈጠረችላት የዘር ሐረግ፥ ስለ ስፌቷ፥ ስለ ሠርጋችን፥ ስለ ልጆቻችን መወለድ 14 ማታ አወራች። አንዳንድ ጊዜ ድምፅዋ ይደክማል፤ አንዳንድ ጊዜም ትስቅ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ቅጂዎቹን ወደ ኮምፒውተሬ አዛወርኋቸው፤ ስልኩም ብዙ ሳይቈይ ተበላሽቶ ተጣለ። ለልጄ እልክላታለሁ እያልሁ፥ ዛሬ ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፥ ነገ ይሁን፥ በዓሉ ይለፍ፥ ስል ሦስት ዓመት አለፈ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር የተሰጠውን ሁሉ የሚያኖርበት ጎተራ አለው። የቀድሞው ጎተራ ሃርድ ዲስክ ይባላል፤ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን አለ፥ በሳሕኑም ላይ አንድ ቀጭን ክንድ እየተመላለሰ በማግኔት ኃይል ይጽፋል፥ ያነብባል። የመጀመሪያው በአሜሪካ አገር በአይ ቢ ኤም ኩባንያ በ1956 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ወጣ፤ የጎናቸው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ 50 ሳሕኖች ነበሩት፥ ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበረ። አዲሱ ጎተራ ኤስ ኤስ ዲ ይባላል፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የሚሠራበትንም ፍላሽ የተባለውን ብልሃት ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሲሠራ አግኝቶ፥ በዚያው በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1984 ለዓለም ገለጠው። በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ጓዳዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ቅንጣት ታስሮ ይቀመጣል፤ መብራት ቢጠፋም አይወጣም። ስለዚህ ፈጣን ነው፥ ድምፅም የለውም። ዝምታው ግን መልካም ብቻ አይደለም። አሮጌው ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ቋቋ እያለ ያስጠነቅቃል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ታሞ አያቃስትም።

በ2016 ዓ. ም. ኮምፒውተሬ እጅግ ዘገየ፤ ከፍቼው ቡና ጠጥቼ ስመለስ ገና ሲነሣ አገኘው ነበር። ስለዚህ በመገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሄጄ ኤስ ኤስ ዲ ገዛሁ። ሻጩ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። የማዘርቦርዱን ዐይነት ጠየቀኝ፤ በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበርና አሳየሁት። እርሱም፥ «ጋሼ፥ ይህ ዕቃ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ሳታ፥ ሁለተኛው ኤን ቪ ኤም ኢ ይባላል። መልካቸው ይመሳሰላል፥ ነገር ግን ማዘርቦርዱ ካልፈቀደ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ለእርስዎ የሚሆነው ይህ ነው» ብሎ መርጦ ሰጠኝ። ቀጥሎም፥ «ማሽኑን ቢያመጡልን እኛው እንገጥምልዎታለን፥ ዋጋ አንጠይቅም፤ አገጣጠሙ ትንሽ» ሲል አቋረጥሁት። «ልጄ፥ አንተ ሳትወለድ እኔ ኤሌክትሪክ አስተምር ነበር» አልሁት። እርሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ዕቃውን ከአንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ጋር ጠቅልሎ ሰጠኝ። ያቋረጥሁበት ቃል ምን ያህል እንደሚያወጣ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

በቤቴ ገብቼ ሥራውን በመልካም ጀመርሁት። የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀልሁ፤ በሰውነቴ ላይ የተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ኃይል ዕቃውን እንዳይጎዳው የሣጥኑን ብረት በእጄ ነካሁ። ኤስ ኤስ ዲው ወርዱ 22፥ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ሰሌዳ ነው። የሚገባውም እንዲህ ነው። በ30 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ጥርሱን በማዘርቦርዱ ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ ያስገቡታል፤ ከዚያ በኋላ በወዲያኛው ወገን ያለውን ጫፉን ዝቅ አድርገው በአንዲት ትንሽ ብሎን ያስሩታል። ነገር ግን ጫፉ በማዘርቦርዱ ላይ አይተኛም። አስቀድማ የምትተከል አንዲት የናስ እግር አለች፤ እርስዋ ጫፉን ከስንጥቁ ቁመት ጋር ታስተካክለዋለች፥ ብሎኗም የምትገባው በእርስዋ አናት ላይ ነው። በዚህ ዐይነት ሰሌዳው በሁለት ምሰሶ ላይ እንደ ተጋደመ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

እኔ ይህችን እግር አልተከልሁም። ከከረጢቷ ውስጥ ሁለት ነገር ወጣ፤ አንዲት ቀጭን ብሎንና ስድስት ማዕዘን ያላት አንዲት ናስ። ብሎኗን በማዘርቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ ባስገባት ቀዳዳው ሰፋባትና አልይዝ አለች። እዚህ ላይ ለምን አልያዘችም ብሎ መጠየቅ የተማሪ ሥራ ነበረ፤ እኔ ግን መምህር ነበርሁና አልጠየቅሁም። የድሮ ብሎን ከማጠራቅምበት ጣሳ ወፈር ያለች አንዲት ፈልጌ፥ የሰሌዳውን ጫፍ በአውራ ጣቴ እስከ ታች ድረስ ተጭኜ፥ በካቻቢቴ አጠበቅሁት። ሰሌዳው እንደ ቀስት ሲጎብጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስስ ስለ ሆነ ነው፥ ምንም አይል፥ አልሁ። ናሲቱ በጠረጴዛው ላይ ቀርታ ነበር። እርስዋንም «ይህች ትርፍ ናት» ብዬ በባዶ የክብሪት ሣጥን ውስጥ ከተትኋት። የሃምሳ ዓመት ጨርቅ በዚያች ደቂቃ ተረሳኝ።

ማሽኑ ተነሣ። ቀድሞ ቡና ያስጠጣኝ የነበረው አሁን ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ድረስ ተከፈተ። እኔም በራሴ ሥራ እጅግ ተደሰትሁ። ከአሮጌው ዲስክ ያለኝን ሁሉ፥ የባለቤቴንም ድምፅ፥ ወደ አዲሱ ገለበጥሁ፤ አሮጌውንም ደምስሼ ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት። ልጁም በሳምንቱ ፊልም ሞላበት። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ልብ በል፤ ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው የሚብስ ነው። አዲስ ጎተራ ተሠራ ብሎ በዚያው ቀን አሮጌውን የሚያፈርስ ገበሬ በአገራችን አይገኝም።

ሁለት ወር ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ጠዋት ደኅና ይነሣና አንድ ሰዓት ያህል ሲቈይ ደርቆ ይቀራል። አጥፍቼ ባስነሣው የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ በጽሑፍ ይነግረኛል። ገመዱን ነቅዬ ትቼው ስመለስ፥ እንደ ገና ደኅና ነው። እኔም በሽታውን መፈለግ ጀመርሁ። መጀመሪያ መብራቱ ነው አልሁ፤ በሰፈራችን መብራት ይጠፋል፥ ሲመጣም ከፍና ዝቅ ይላልና ስታቢላይዘር ገዛሁ። በሽታው አልተወም። ሁለተኛ ቫይረስ ነው ብዬ ማጽጃ ጫንሁ። አልተወም። ሦስተኛ ዊንዶውስ ራሱን ስላሳደሰ ነው አልሁ። በመጨረሻም አንድ ቀን ማሽኑ ጨርሶ አልነሣም ሲል፥ ሻጩ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሸጦልኛል ብዬ ቈረጥሁ። ለልጄም በስልክ፥ «የዛሬ ነጋዴ እግዚአብሔርን አይፈራም፤ አታለለኝ» ብዬ ነገርኋት። ዛሬ ሳስበው፥ የጠረጠርሁት ሁሉ ከእኔ ውጭ ነበረ። መብራቱን፥ ቫይረሱን፥ ዊንዶውስን፥ ነጋዴውን ጠረጠርሁ፤ የራሴን እጅ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርሁም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነበረ።

ማሽኑን በታክሲ ጭኜ ወደ ሱቁ ሄድሁ። በሱቁ ውስጥ አምስት ስድስት ገዥዎች ነበሩ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ «አስመስለህ የሠራኸውን ዕቃ ሸጥህልኝ! በሽማግሌ ላይ እንዲህ ይደረጋል?» አልሁት። የልጁ ፊት ዐመድ መሰለ። ሆኖም አልመለሰልኝም፤ ወንበር አቀረበልኝና፥ «ጋሼ፥ ይቀመጡ። ዕቃው ከሆነ ዋስትና አለው፥ በሰዎቹ ፊት ቃሌን እሰጥዎታለሁ፥ እቀይርልዎታለሁ። ነገር ግን አስቀድመን እንየው፤ በውስጡ የሚፈልጉት ነገር ይኖር ይሆናል» አለኝ። ይህንን ሲለኝ ቍጣዬ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ዕቃው ቢቀየር ድምፅዋ አይቀየርምና።

ልጁ ጥያቄውን በተራ ጀመረ። «መቼ ጀመረው? ከመጀመሩ በፊት በማሽኑ ላይ የተለወጠ ነገር ምንድን ነው? ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል ወይስ ሲሞቅ?» መልሴን ሰምቶ ገመዱን ነቀለ፤ በውስጡ የቀረውን ኃይል ለማፍሰስ የማስነሻውን ቍልፍ ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ያዘ፤ ክዳኑንም ከፈተ። ወደ ውስጥ ተመልክቶ ዝም አለ። ቀና ብሎም ወደ እኔ፥ ከዚያም ወደ ገዥዎቹ አየ፤ ክዳኑን መለስ አድርጎም፥ «ጋሼ፥ ጥቂት ይጠብቁኝ፤ ሻይ ይምጣልዎ» አለኝ። ገዥዎቹ ተስተናግደው እስኪወጡ ድረስ ማሽኔን አልነካም። ያን ጊዜ ቸል ያለኝ መሰለኝና በልቤ ተቈጣሁ። በእኔ ጥፋት በሰው ፊት እንዳላፍር መጠበቁ እንደ ነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

ሰው ካለቀ በኋላ ጠራኝ። እኔ ያጠበቅኋትን ብሎን ሲፈታት ሰሌዳው ዘሎ ተነሣ። በመስተዋቱ ጠረጴዛ ላይ ቢያጋድመው፥ መካከሉ ጎብጦ በሆዱ ስር ብርሃን አሳየ። «ጋሼ፥ እነዚህ ጥቋቍር ቺፖች ከሰሌዳው ጋር የተያያዙት ከበታቻቸው ባሉ እጅግ ጥቃቅን የብየዳ እንክብሎች ነው። ሰሌዳው ሲጎብጥ እንክብሎቹ እንደ ፀጕር ይሰነጠቃሉ። ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይገናኛል፤ ሲሞቅ ሁሉም እንደየመጠኑ ስለሚሰፋ ይለያያል። ጠዋት የሚሻለው ስለዚህ ነው» አለኝ። ከዚያም በቀስታ፥ «ማቆሚያዋ የለችም» አለ።

ማቆሚያዋ የት እንዳለች እኔ ዐውቅ ነበር። ነጩ ጨርቅ፥ የውሃው ሞተር፥ የፈረንጁ መምህር የተሰባበረ አማርኛ፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ሙቀት ብረትን እንደሚያሰፋ ራሴ 36 ዓመት በጠመኔ የጻፍሁት ትምህርት ነው። ምላሴ ደረቀ፤ «አዎን፥ የለችም» ከማለት በቀር ቃል አላገኘሁም።

ልጁ እኔን መውቀስ ትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰሌዳውን በእጁ ለማቅናት አልሞከረም፤ ይህ የቀረውን ይሰብራል አለ። ወደ ማሽኑም አልመለሰውም። ሳይታጠፍ በሚያስተኛ፥ በዩ ኤስ ቢ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን ውስጥ አስገባው። ሁለት ጊዜ አልታየም፤ በሦስተኛው ታየ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ይህንን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፥ ይደረግ ወይ፥ ብሎ ጠየቀ። እኔ ለመዳን የቸኰልሁ ሰው እጄን ወደ ቍልፉ ሰደድሁ። ልጁ እጄን ያዘና፥ «ጋሼ፥ ይህንን እሺ ካልነው የጎተራውን መዝገብ ቀደድነው ማለት ነው። በአሮጌው ዲስክ ላይ የተደመሰሰ ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ኤስ ኤስ ዲ ግን ባዶ ነው የተባለውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል፤ ከዚያ በኋላ መፈለግ ከንቱ ነው» አለኝ። አላለቀም፤ ነቅሎና አቀዝቅዞ ደጋግሞ ሲሰካው ፋይሎቹ በመስኮቱ ላይ ተዘረጉ። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚጽፈውን ስማርት የሚባለውን መዝገብም አየ፤ ዕቃው ገና አዲስ ነበረ፥ ማርጀትም ሆነ የአሠራር ጕድለት አልታየበትም።

ከዚህ በኋላ ልጁ የጠየቀኝን ጥያቄ እስከምሞት አልረሳውም። «ጋሼ፥ ይህ ዲስክ እስከ መቼ እንደሚቈይልን አላውቅም። ከሁሉ የሚበልጥብዎ የትኛው ነው? እርሱን እናስቀድም» አለኝ።

እኔም «ጽሑፎቼ» አልሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ላሳምረው አልሻም። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የጻፍኋቸው የምክር ጽሑፎች፥ ከድሮ ደብተሮቼ በፎቶግራፍ ካነሣኋቸው ገጾች ጋር በአንድ መዝገብ ውስጥ ነበሩ። ሁሉም የሚወጣ መስሎኝ፥ አፌ የልቤን ሳይጠይቅ ተናገረ። የፎቶግራፉ ብዛት አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ወደ ባለቤቴ ድምፅ ተሻገርን። ልጁ አንድ አንድ ማታ እያደረገ ይገለብጣል፤ ሰሌዳው ሲሞቅና ሲሰወርበት ነቅሎ በትንሽ ማራገቢያ ያቀዘቅዘዋል፤ እንደ ገና ይሰካዋል። እስከ 11ኛው ማታ ድረስ ወጣ። 12ኛው እኩሌታው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ አልታየም፥ ያን ቀንም፥ በማግስቱም፥ ከዚያም ወዲህ። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ በማጉሊያ መነጽር እያዩ ለመጠገን የሚሞክሩ ቤቶች በውጭ አገር አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከእኔ አቅም በላይ ነው፥ መዳኑንም አያረጋግጡም።

እንግዲህ አሁን በእጅህ የያዝኸው መጽሐፍ የወጣው በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች ነው። ስለ ትሕትና የጻፍሁት ድኖ፥ የሚስቴ ሦስት ማታ ጠፋ። ይህንን ሳልነግርህ ብቀር፥ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ምክር ሁሉ ሐሰት በሆነ ነበር።

ልጁ በመጨረሻ፥ «ጋሼ፥ በሰው ፊት ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሌላ ዲስክ ይውሰዱ» አለኝ። ያየን ሰው አልነበረም። ዝም ብዬ ብቀበል ማንም አያውቅብኝም፤ እርሱም አይናገርም። እውነቱን ለመናገር፥ ለጥቂት ጊዜ አመነታሁ፤ የዲስኩ ዋጋ ለጡረተኛ ቀላል አይደለምና። ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሌላውን ዲስክ በገንዘቤ ገዛሁ። ይህ ብቻ ግን አልበቃኝም፤ ያሳፈርሁት በሰው ፊት ነበርና። በማግስቱ ሱቁ በሚሞላበት ሰዓት ሄጄ፥ «ትናንት ይህንን ልጅ አጭበርባሪ ብዬ ሰድቤዋለሁ። ዕቃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አልሁ። ከትናንቶቹ ሰዎች አንድም አልነበረም፤ ያሉትም ምን እንደ ሆነ ስላልገባቸው ዝም ብለው አዩኝ። ልጁ ግን ከጠረጴዛው ኋላ ወጥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ከለከልሁት።

የከበደኝ ለልጄ መናገር ነው። ሦስት ቀን ስልኩን እያነሣሁ አስቀምጬዋለሁ። በአራተኛው ቀን ደወልሁና ነጋዴው እንዳላታለለኝ፥ ናሲቱን ትርፍ ብዬ የጣልሁት እኔ እንደ ሆንሁ፥ ከእናቷም ድምፅ በፊት ጽሑፌን እንዳስቀደምሁ፥ ሁሉንም ነገርኋት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፥ «አባባ፥ የቀሩት የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ። የ13ኛው ማታ ነገር እርስዋ የተወለደችበት ሌሊት ነበረ። ነገርኋት። አልቅሳም ሳትጨርስ፥ «እንግዲያው እርስዎ ይንገሩኝ፤ እማማ ያለችውን እርስዎ ሰምተዋል» አለች። በዚያ ምሽት ስለ ዝናቡ፥ ስለ አዋላጇ፥ መኪና አጥተን በእግር ስለ ሄድንበት መንገድ የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኋት፤ እርስዋም ቀረጸችው። የሚስቴ ድምፅ አይደለም። እርስዋ የምትስቅበት ቦታ ላይ እኔ ዝም ብያለሁ።

ይህንን የምታነብ ወጣት፥ ከእኔ ኪሣራ የምታተርፈው እንዲኖር ጥቂት ምክር ልተውልህ።

አንደኛ፤ ኤስ ኤስ ዲ ስትገጥም ገመዱን ንቀል፥ ብረት ንካ፥ የዕቃህ ዐይነት ከማዘርቦርዱ ጋር መስማማቱን አረጋግጥ። አዘንብለህ አስገባው፤ እምቢ ካለህ ጥርሱን ተመልከት እንጂ አትግፋ። በማዘርቦርዱ ላይ ለልዩ ልዩ ርዝመት የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማቆሚያዋን ለዕቃህ ርዝመት በሚሆነው ላይ ትከል። ብሎኗን በጣትህ ጫፍ ኃይል ብቻ እሰር። ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ካልተኛ አቁም።

ሁለተኛ፤ የሚተካ የሌለውን ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አታኑር። አዲሱ ብዙ ጊዜ ሳይፈተን አሮጌውን አትደምስስ።

ሦስተኛ፤ ዕቃው ከታመመ ደጋግመህ በማስነሣት አታድክመው፥ ፎርማትም አታድርገው። ቀድመህ የሚበልጠውን አውጣ፤ የሚበልጠውም የትኛው እንደ ሆነ ሳትታመም፥ ሳትቸኵል፥ በደኅናው ቀን ዐስበህ እወቀው። በጭንቅ ጊዜ የሚናገረው ልብህ ሳይሆን ልማድህ ነው።

አራተኛ፤ የጥፋትን ምክንያት ስትፈልግ ከራስህ እጅ ጀምር። ከዚያ ካጣኸው ወደ ጎረቤት ተሻገር። እኔ ከጎረቤት ጀምሬ ወደ ራሴ ስደርስ ዘግይቼ ነበር።

የክብሪቱን ሣጥን ፈልጌ አግኝቼዋለሁ። አዲሱን ዲስክ ልጁ አጠገቤ ቆሞ እኔ ገጠምሁት፤ ናሲቱንም በቦታዋ ተከልኋት። ሥራውን ስጨርስ በጠረጴዛው ላይ አንጥፌው የነበረውን ነጭ መሐረብ አንሥቼ አራገፍሁት። ምንም አልወደቀም።